የግል የፍሉት አስተማሪ አመራረጥ፦ ከፍለጋ እስከ ሦስተኛው ወር

«የፍሉት አስተማሪ የምታውቀው ካለ ጠቁመኝ።» ይህ ጥያቄ በተደጋጋሚ ይደርሰኛል። አንዱ ለልጁ ይጠይቃል፣ ሌላዋ ለራሷ። ስም ሰጥቶ መገላገል ይቻል ነበር። ግን ለአሥር ዓመት ልጅ የሚሆን አስተማሪ በአርባ ዓመቷ ከዜሮ ለምትጀምር ሴት ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ከስም ይልቅ አካሄዱን ልጻፍላችሁ።

ፍሉት ስል በጎን የሚያዘውን፣ ቁልፎች ያሉትን የብረት ፍሉት ማለቴ ነው። ዋሽንት ሌላ መሣሪያ ነው፤ አያያዙም አነፋፉም ይለያል።

አስተማሪ ለምን እንደሚያስፈልግ አስቀድመን እንየው፤ ምርጫው ሁሉ ከዚህ ይነሳል። ክላርኔትና ሳክስፎን አፋቸው ላይ የሚርገበገብ ሸምበቆ አላቸው። ፍሉት የለውም። ድምፁ የሚፈጠረው ከከንፈራችሁ የወጣው ቀጭን አየር የቀዳዳውን ማዶ ጠርዝ ሲመታ ነው። ከንፈራችሁ በአንድ ሚሊሜትር ቢዛነፍ ድምፁ ይደበዝዛል፤ አንዳንዴም ጭራሽ ይጠፋል። እናንተ ደግሞ እየነፋችሁ ምን እንደተዛነፈ ማወቅ ይቸግራችኋል። ስለዚህ የምትፈልጉት የሚያይላችሁና የሚሰማላችሁ ሰው ነው። ቀጥሎ የምዘረዝራቸው ፈተናዎች በሙሉ ይህን ለማወቅ ናቸው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

• ፍሉት። ለጀማሪ ቁልፎቹ ድፍን የሆኑ ይሻላል። መሃላቸው ቀዳዳ ያላቸው ቁልፎች ላይ ጣት ትንሽ ከሸሸ አየር ያመልጣል። ያኔ ጥፋቱ የከንፈር ይሁን የጣት መለየት ያስቸግራል። የሚከራይ ካገኛችሁ ለመጀመሪያዎቹ ወራት ተከራዩ።
• የማጽጃ ዘንግና ክሩ የማይረግፍ ስስ ጨርቅ።
• የኖታ ማስቀመጫ። ኖታውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ማንበብ አንገት ያስደፋል፤ አንገት ሲደፋ ትንፋሽ ይታፈናል።
• ፊታችሁንና ሁለት እጃችሁን የሚያሳይ መስታወት።
• ቱነር (ድምፁ ከትክክለኛው ከፍ ወይም ዝቅ ማለቱን የሚያሳይ) እና ሜትሮኖም (ምት የሚቆጥር)። የስልክ መተግበሪያ ይበቃል። በቱነሩ ላይ «ላ» የሚባለውን ድምፅ 440 ሄርዝ አድርጉት። አንዳንድ ኦርኬስትራዎች 442 ስለሚጠቀሙ አስተማሪያችሁ የትኛውን እንደሚፈልግ ጠይቁ።
• ደብተርና እርሳስ።

ማስጠንቀቂያ፦ አስተማሪ ሳታገኙ ፍሉት ለመግዛት አትቸኩሉ። ከቁልፎቹ ሥር ፓድ የሚባሉ ለስላሳ መክደኛዎች አሉ። እነሱ በደንብ ካልገጠሙ ፍሉቱ አየር ያፈሳል፤ ጀማሪው ግን የራሱ ድክመት ይመስለዋል። በዚህ ተስፋ ቆርጠው የተዉ ሰዎች አውቃለሁ። አስተማሪ ሁለት ደቂቃ ቢነፋው ያውቀዋል።

ደረጃ 1፦ ለምን እንደምትማሩ በአንድ መስመር ጻፉ

«ለሙዚቃ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና መዘጋጀት እፈልጋለሁ።» «ከጓደኞቼ ጋር ባንድ ውስጥ መጫወት እፈልጋለሁ።» «ልጄ ኖታ ማንበብ እንድትችል እፈልጋለሁ።» ሦስቱም ሦስት ዓይነት አስተማሪ ይጠይቃሉ። ለፈተና የሚያዘጋጅ ሰው ስኬል (በቅደም ተከተል የሚወጡና የሚወርዱ ድምፆች) እና ኖታ ላይ ያተኩራል። ባንድ ውስጥ መጫወት የሚፈልግ ግን በጆሮ መጫወትና ያለ ኖታ እዚያው እየፈጠሩ መጫወት የሚያስተምር ያስፈልገዋል።

ከሥሩ በቀን ስንት ደቂቃ መለማመድ እንደምትችሉ ጻፉ። የምትመኙትን ሳይሆን የምትችሉትን። አስተማሪው የቤት ሥራ የሚሰጣችሁ በዚህ ልክ ነው።

ደረጃ 2፦ ስሞች ሰብስቡ

ሦስት ወይም አራት ስም ይበቃል። ሙዚቃ ትምህርት ቤቶችን፣ ኦርኬስትራና ባንድ ውስጥ ፍሉት የሚጫወቱትን፣ የሙዚቃ መሣሪያ ጠጋኞችን ጠይቁ። ጠጋኞች ብዙ ጊዜ ይረሳሉ፤ ነገር ግን የየትኛው አስተማሪ ተማሪዎች መሣሪያቸውን በደንብ እንደሚይዙ ያያሉ። ፍሉት በማጥናት ላይ ያሉ የመጨረሻ ዓመት የሙዚቃ ተማሪዎችም ለጀማሪ ጥሩ ሊሆኑ ይችላሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጣሩ፦ ፍሉት ዋና መሣሪያው ነው? ብዙ የሳክስፎን ተጫዋቾች ፍሉትም ይነፋሉ፤ ጎበዞችም አሉ። ግን ፍሉትን በሁለተኛ ደረጃ የያዘ ሰው ጣቶቹን አውቆ የከንፈሩን ሥራ በቃላት ማስረዳት ሊያቅተው ይችላል።

ደረጃ 3፦ በስልክ አምስት ነገር ጠይቁ

ሀ) በእኔ ዕድሜና ደረጃ ያሉ ተማሪዎች አሉህ?
ለ) የሙከራ ትምህርት ትሰጣለህ? በክፍያ ነው ወይስ በነጻ?
ሐ) ትምህርቱ ስንት ደቂቃ ነው? ለልጅ 30 ደቂቃ ይበቃል። ለአዋቂ ከ45 እስከ 60 ደቂቃ የተለመደ ነው። ሙሉ ጀማሪ ግን አንድ ሰዓት ሙሉ ቢነፋ ከንፈሩ ይዝላል፤ የዛለ ከንፈር ደግሞ ስህተት ይለምዳል።
መ) በሳምንት ስንት ጊዜ? በሳምንት አንድ ቀን ጥሩ ነው። በሁለት ሳምንት አንዴ ከሆነ፣ በመጀመሪያው ቀን የተሳሳታችሁትን 13 ቀን ደጋግማችሁ ትመጣላችሁ።
ሠ) ተማሪዎችህ ሲጫወቱ መስማት እችላለሁ? የአስተማሪው ጉብዝና የሚለካው በራሱ ሳይሆን በተማሪዎቹ ድምፅ ነው።

ደረጃ 4፦ የሙከራ ትምህርት ውሰዱ

ከሁሉም የሚበልጠው ደረጃ ይህ ነው። ቢያንስ ሁለት አስተማሪ ሞክሩ፤ አንድ ብቻ ካያችሁ የምታወዳድሩት የላችሁም።

ስትገቡ በደረጃ 1 የጻፋችሁትን አንብቡለት። ከዚያ የሚከተሉትን ተከታተሉ።

መጀመሪያ የሚያየው ምንድን ነው? ጥሩ አስተማሪ ገና ሳትነፉ አቋቋማችሁን ያያል። ፍሉት በቀኝ በኩል ስለሚዘረጋ ሰው ሳያውቀው ቀኝ ትከሻውን ያነሳል፣ አንገቱንም ያጣምማል። መፍትሔው ሰውነትን ከኖታ ማስቀመጫው አንጻር ትንሽ ወደ ቀኝ አዙሮ፣ ፊትን ወደ ግራ መመለስ ነው። ይህን የማያነሳ አስተማሪ ካጋጠማችሁ ልብ በሉ፤ ከወራት በኋላ ትከሻችሁን ሲያማችሁ ምክንያቱ ይህ ይሆናል።

ከየት ያስጀምራል? ለሙሉ ጀማሪ መነሻው የራስጌው ክፍል ብቻ ነው፤ አፍ የሚያርፍበት ማለት ነው። የታችኛው ከንፈር ከቀዳዳው ሩቡን ወይም ሲሶውን ያህል ይሸፍናል፤ አየሩ ወደ ማዶው ጠርዝ ይላካል። ጫፉን በመዳፍ ስትደፍኑት ድምፁ በግምት አንድ ኦክታቭ (ከአንዱ ዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለውን ርቀት) ይወርዳል። ሙሉውን ፍሉት ገጣጥሞ ወዲያው ዘፈን የሚያስጀምር አስተማሪ ደስ ያሰኛችኋል። ነገር ግን ጀማሪ በአንድ ጊዜ ከንፈርን፣ ጣትንና ሚዛንን ማሰብ አይችልም። የሚሠዋው ደግሞ ሁልጊዜ ከንፈር ነው።

ድምፅ እምቢ ሲል ምን ይላል? ይህን በደንብ አድምጡ። «በርታ፣ ጠንከር አድርገህ ንፋ» መመሪያ አይደለም። «ፍሉቱን ትንሽ ወደ ውጪ አሽከርክር»፣ «የከንፈርህን ክፍተት አጥብብ»፣ «አየሩን ዝቅ አድርገህ ላከው» የሚለው ነው መመሪያ። ጥሩ አስተማሪ ይህን ተናግሮ ዝም ይላል፣ ውጤቱን ይሰማል። ካልሠራ በሌላ መንገድ ያስረዳል። ያንኑ ቃል ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚደግም ሰው ሌላ መንገድ የለውም ማለት ነው።

ስንት ነገር ያርማል? በአንድ ትምህርት አንድ ሁለት ነገር ይበቃል። ያየውን ስምንት ጉድለት በሙሉ የሚዘረዝር ሰው ዕውቀት አለው፤ ከዚያ ውስጥ ግን ይዛችሁ የምትወጡት የለም።

ጣታችሁን ያያል? ከዚህ በፊት የተጫወታችሁ ከሆናችሁ አንድ ስኬል ተጫወቱለት። በመካከለኛው ኦክታቭ ሬ እና ሚ ፍላት (በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ሚ) ላይ የግራ ጠቋሚ ጣት መነሳት አለባት። ሳትነሳ ብትቀር ድምፁ ይወጣል፤ ግን የታፈነና የተዛነፈ ነው። ኖታ እንጂ እጅ የማያይ አስተማሪ ያልፈዋል። በእኔ የደረሰ ነው። የመጀመሪያው አስተማሪዬ ከጎኔ ተቀምጦ ወረቀቱን ነበር የሚከታተለው። ሁለተኛዋ ገና በመጀመሪያው ቀን ጣቴን አየችው። ማረሙ ግን ብዙ ሳምንት ፈጀ፤ ጣት አንዴ የለመደውን ቶሎ አይተውም።

ራሱ ነፍቶ ያሳያል? ፍሉቱን በእጁ ይዞ አጭር ነገር ነፍቶ ቢያሰማችሁ፣ የምትፈልጉት ድምፅ በጆሯችሁ ይቀራል። ሰዓቱን በሙሉ ራሱ ከተጫወተ ግን የሄዳችሁት ለኮንሰርት ነው።

በመጨረሻ ምን ይሰጣችኋል? «ተለማመዱ» የቤት ሥራ አይሆንም። «በየቀኑ ሲ፣ ላ፣ ሶልን እያንዳንዳቸውን አራት አራት ጊዜ፣ በመስታወት ፊት፣ ድምፁ እስኪያልቅ ያዙ» ይሆናል። ስትወጡ ነገ ጠዋት ምን እንደምትሠሩ ካላወቃችሁ አስተማሪው የመጨረሻውን ሥራ አልሠራም።

ልጅ የምታስተምሩ ከሆነ፦ አስተማሪው ሲያስረዳ የሚያየው ልጁን ነው ወይስ እናንተን? የልጁንም ቁመት ይመልከት። የልጁ ክንድ ተወጥሮ የቀኝ እጁ ትንሿ ጣት ቁልፏ ላይ ካልደረሰች ራስጌው የታጠፈ ፍሉት ያስፈልገዋል። ያለዚያ ትከሻው እየተጣመመ ይለምዳል።

ማስጠንቀቂያ፦ ለልጅ ትምህርት ወላጅ እዚያው ቢቀመጥ ወይም በሩ ክፍት ቢሆን የማይቀበል አስተማሪ ጋ አትመለሱ። እጅ ወይም ትከሻ ለማስተካከል ከመንካቱ በፊት ፈቃድ መጠየቅም ግዴታው ነው፤ ለአዋቂም ጭምር።

ደረጃ 5፦ በዚያው ቀን ማስታወሻ ያዙ

ቤት ስትገቡ ሦስት ነገር ጻፉ፦ ምን አዲስ ነገር ቻልኩ? ምን ታረመልኝ? ለመመለስ ፈለግኩ? ሁለተኛውን አስተማሪ ከሞከራችሁ በኋላ አወዳድሩ። ማስታወሻውን ለማግሥቱ ካሳደራችሁት የሚታወሳችሁ የሰውየው ተግባቢነት ብቻ ነው፤ ተግባቢነቱ ጥሩ ነው፣ ግን ከንፈር አያቀናም።

ደረጃ 6፦ ስምምነቱን በጽሑፍ አድርጉ

አጭር የስልክ መልእክት ይበቃል። ቀንና ሰዓት፣ የትምህርቱ ርዝመት፣ ክፍያው በየትምህርቱ ይሁን በወር፣ ለመቅረት ከስንት ሰዓት በፊት መናገር እንዳለባችሁ፣ አስተማሪው ሲቀር እንዴት እንደሚካካስ። ጥሩ አስተማሪና ጥሩ ተማሪ የሚጣሉት በሙዚቃ ሳይሆን በዚህ ነው። መጀመሪያ ላይ የብዙ ወር ክፍያ በአንዴ አትክፈሉ። ለአንድ ወር ተስማሙ፣ ከዚያ ታራዝማላችሁ።

በኦንላይን የምትማሩ ከሆነ

ይቻላል። ግን ከተቻለ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ትምህርቶች በአካል አድርጉ። አየር የሚያፈስ ፍሉት በስክሪን አይታወቅም።

ስልኩን ደረታችሁ ከፍታ ላይ፣ ከፊት ለፊት ትንሽ ወደ ቀኛችሁ አድርጉት፤ ከንፈራችሁም ጣቶቻችሁም ይታያሉ። ከዚያ የመተግበሪያውን የጫጫታ ማጥፊያ ዝጉ። ለንግግር ስለተሠራ የተያዘ ረጅም የፍሉት ድምፅ ጫጫታ ይመስለውና ይቆርጠዋል። አስተማሪው ድምፃችሁ የተቆራረጠ ይመስለዋል፤ ጥፋቱ ግን የመተግበሪያው ነው። በኢንተርኔት መዘግየት የተነሳ አብሮ መጫወት አይሆንም። ስለዚህ በየተራ ተጫወቱ፤ አጃቢ ሙዚቃውን ደግሞ አስተማሪው ቀድቶ ይላክላችሁ።

ደረጃ 7፦ የመጀመሪያውን ወር በአግባቡ ተለማመዱ

በቀን ከ15 እስከ 20 ደቂቃ፣ በየቀኑ። በሳምንት አንድ ቀን ሁለት ሰዓት ይህን አይተካም፤ የከንፈር ጡንቻ የሚያድገው በመደጋገም ነው። በረጅም ድምፅ ጀምሩ፣ ከዚያ ጥቂት ኖታ፣ በመጨረሻ ዜማ። በሳምንት አንዴ ድምፃችሁን ቅዱ። እየነፋችሁ የምትሰሙትና ቀረጻው የሚያሰማችሁ አንድ አይደለም።

ስትገጣጥሙ ክፍሎቹን ቁልፍ በሌለበት በኩል ያዙ፣ በቀስታ አሽከርክራችሁ አስገቡ። የቁልፎቹ ዘንጎች በቀላሉ ይጎብጣሉ። የሚነፋበት ቀዳዳ ከቁልፎቹ ረድፍ ጋር መስመር ይያዝ። ስትጨርሱ ውስጡን በዘንግና በጨርቅ ጥረጉ፤ ርጥበት ፓዶቹን ያሳብጣል። ጣፋጭ በልታችሁ ወይም ጠጥታችሁ ከሆነ ከመንፋታችሁ በፊት ተጉመጥመጡ፤ ስኳሩ ፓዱን ያጣብቃል።

ማስጠንቀቂያ፦ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ራስ ማዞር የተለመደ ነው፤ ከልክ በላይ አየር ስለምታወጡ ነው። ወዲያው አቁሙ፣ ተቀመጡ፣ በእርጋታ ተንፍሱ። የመተንፈስ ችግር ካለባችሁ አስቀድማችሁ ሐኪም አማክሩ። የጥርስ ማስተካከያ ሽቦ የምታስገቡ ወይም የምታወጡ ከሆነ ለአስተማሪው ንገሩ፤ ድምፅ ለሳምንታት ሊበላሽ ይችላል። የእጅ አንጓ ሕመም ወይም የጣት መደንዘዝ ከመጣ አትታገሡ፤ አያያዙ መታየት አለበት።

የተለመዱ ስህተቶች

• ከፍ ያለውን ኦክታቭ በጉልበት ማውጣት። ድምፁ የሚወጣው የከንፈር ክፍተት ሲጠብ፣ አየሩ ሲፈጥንና አቅጣጫው ትንሽ ከፍ ሲል ነው። ጉልበት ድምፁን ያስጮኸዋል፣ ከቱነርም ያስወጣዋል።
• የቀኝ እጅን ትንሿን ጣት ማንሳት። ከጥቂት ኖታዎች በስተቀር ቁልፏን ተጭና መቆየት አለባት። ለድምፁም ለሚዛኑም ታስፈልጋለች።
• ፍሉቱን በጣቶች ጨምድዶ መያዝ። መሣሪያው የሚደገፈው በአገጭ፣ በግራ ጠቋሚ ጣት ሥርና በቀኝ አውራ ጣት ነው። የተጨመደደ ጣት አይፈጥንም።
• ጉንጭን መንፋት። አየሩ አቅጣጫውን ያጣል።
• ቀዝቃዛ ፍሉት ላይ ቱነር መመልከት። ቀዝቃዛ ፍሉት ዝቅ ይላል። ጥቂት ደቂቃ ነፍታችሁ ሲሞቅ አስተካክሉ።
• መገጣጠሚያውን ቅባት መቀባት። ይህ የክላርኔት ልማድ ነው። የብረት ፍሉት በደረቅ ጨርቅ ይጠረጋል እንጂ አይቀባም፤ ቅባቱ ቆሻሻ ይይዛል።
• ፍሉቱን በቁልፎቹ በኩል ደፍቶ ማስቀመጥ። ቁልፎቹ ወደ ላይ ይሁኑ።

ይህን ዝርዝር አስቀምጡት፤ በሚቀጥለው ደረጃ ይፈለጋል።

ደረጃ 8፦ በሦስተኛው ወር ፈትሹ

የመጀመሪያ ወር ቀረጻችሁን ከአሁኑ ጋር አስተያዩ። አዘውትራችሁ ከተለማመዳችሁ በታችኛው ኦክታቭ የጠራ ድምፅ፣ የመካከለኛው ጅማሬ፣ አንድ ሁለት ስኬልና ጥቂት ቀላል ዜማዎች መታየት ይጀምራሉ። የአንዱ ሰው ፍጥነት ከሌላው ይለያል። ስለዚህ የዜማ ብዛት አትቁጠሩ፤ ድምፁ መለወጡን አድምጡ።

ከዚያም ከላይ ያለውን የስህተት ዝርዝር እየተጫወታችሁ በመስታወት ፈትሹ። ሁለት ሦስቱ አሁንም ካሉና አስተማሪያችሁ አንድ ቀንም ካላነሳቸው፣ በቀጥታ ጠይቁት፦ «ትንሿ ጣቴ እየተነሳች ነው፣ እንዴት ላርማት?» አይቶ ሥራ ከሰጣችሁ ቀጥሉ። «ኋላ ይስተካከላል» ካላችሁ አይስተካከልም።

ጥፋቱ የእናንተ ሊሆን እንደሚችልም አስቡ። ደብተራችሁን ግለጡ። የቤት ሥራው በግልጽ ተጽፎ፣ ሳምንቱን አንዴ ብቻ ከተለማመዳችሁ፣ አስተማሪ መቀየር ምንም አይፈይድም።

ደረጃ 9፦ መለወጥ ካስፈለገ በሥርዓት ልቀቁ

መጥፋት አይገባም። ደውላችሁ ወይም በአካል ተናገሩ፣ በስምምነታችሁ መሠረት ቀድማችሁ አሳውቁ፣ የቀረ ሒሳብ ካለ ዝጉ። ምክንያት መዘርዘር የለባችሁም፤ «ለጊዜው ሌላ አካሄድ ልሞክር ብዬ ነው፣ ስላስተማርከኝ አመሰግናለሁ» ይበቃል። ከመለያየታችሁ በፊት አንድ ነገር ለምኑት፦ እስካሁን የተማራችሁትን ስኬልና ዜማ፣ እንዲሁም እየታረመ የነበረውን ነገር ደብተራችሁ ላይ ይጻፍላችሁ። ደብተሩን ከመጨረሻው ቀረጻችሁ ጋር ለአዲሱ አስተማሪ ይዛችሁ ሂዱ። ከየት እንደሚቀጥል ያውቃል፤ የለመዳችሁትንም እንደገና አያስጀምራችሁም።